የሲያትሉ የመርፌ መለዋወጫ ጠረጴዛ፦ አገልግሎቱ እንዴት ነው? መደገፉስ ያዋጣል?

ነጥቤን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ከአምስት ኮከብ አራት። አንዷን ለምን እንደያዝኳት በኋላ እመጣበታለሁ።

የምገመግመው ምግብ ቤት አይደለም፣ ሱቅም አይደለም። ሲያትል ውስጥ ደሞዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች የሚያንቀሳቅሱት የመርፌ መለዋወጫ ነው። በመርፌ ድራግ የሚወስድ ሰው ያገለገለ ሲሪንጁን ይዞ ይመጣል፣ ንጹህ ይዞ ይሄዳል። በነጻ። ገና ይሄን ሲያነብ ፊቱን የሚያጨማድድ እንዳለ አውቃለሁ። ይሁን። የበያይነቱ ጨው አነሰ ብለን ኮከብ የምንቀንስ ሰዎች፣ የሰው ነፍስ የሚያተርፈውን አገልግሎት ዘለን የምናልፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ስሙንና አድራሻውን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ጎረቤት ሲቆጣ ቦታ ይቀይራሉ፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ላይሰራ ይችላል። የሚፈልግ ሰው የዋሽንግተን ስቴት ጤና መምሪያ ድረ ገጽ ላይ በየካውንቲው ያሉትን ያገኛል።

አሰራሩ እንዲህ ነው። ማታ አንድ ቫን ይመጣል። ሁለት ታጣፊ ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ዝናብ ካለ (ሲያትል ነው፣ አለ) ድንኳን ይተከላል። ጫፍ ላይ ወፍራም ቀይ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ይቀመጣል። ያገለገለውን መርፌ ባለቤቱ ራሱ ነው እዚያ የሚከተው። በጎ ፈቃደኛው በእጁ አይቀበልም፣ ክዳኑን ልመልስ አይልም፣ ቁጭ ብሎም አይቆጥርም። «ስንት ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል፣ የተነገረውን ይጽፋል፣ አለቀ። አገር ቤት ጤና ጣቢያ የሰራ ሰው ይሄን ሲያይ ሴፍቲ ቦክሱ ትዝ ይለዋል፤ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ታሽጎ ይወሰዳል የሚለው ሕግ እንኳ አንድ ነው።

ስም አይጠየቅም። መታወቂያ አይጠየቅም። ኢንሹራንስ፣ ወረቀት፣ አድራሻ፣ ምንም። ለሪፖርት እንዲሆናቸው ከስም ፊደልና ከትውልድ ዓመት የተሰራች አጭር ኮድ ይይዛሉ፣ ያቺም ወደ ማንም አትመራም። ለስደተኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በድራግ ከተፈረደበት ከአገር እስከመባረር ሊደርስ እንደሚችል ስለሚያውቅ፣ እርዳታ ያለበት ቦታ ሁሉ ወጥመድ ይመስለዋል። ክሊኒክ ሄዶ ፎርም ከሚሞላ ቤቱ ተደብቆ ቢታመም ይመርጣል። እዚህ ጋ የሚሞላ ፎርም የለም።

ከዚያ «ምን ያስፈልግሃል?» ይባላል። ሲሪንጁ በየዓይነቱ አለ። ብዙ ሰው የሚወስደው ለኢንሱሊን የሚሰራውን ቀጭኑን ነው። ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፤ 31 ከ28 ይቀጥናል። ለጡንቻ የሚሆን ረጅሙም አለ፤ ሆርሞን የሚወስዱ ሰዎች ይፈልጉታል። ከመርፌው ጋር የአልኮል ጥጥ፣ ንጹህ ውሃ በትንንሽ ፕላስቲክ፣ ክንድ ማሰሪያ ላስቲክ፣ ድራጉ የሚሟሟባት ትንሽ ቆርቆሮ፣ ማጣሪያ ጥጥ ይሰጣል። «መርፌው ገባኝ፣ ጥጡና ቆርቆሮው ምን ያደርጋል?» ለሚል ሰው መልሱ ሄፓታይተስ ሲ ነው። ይሄ የጉበት ቫይረስ ከኤችአይቪ ይልቅ ጠንካራ ነው። በላቦራቶሪ ሲሞከር ሲሪንጅ ውስጥ በቀረች ደም እስከ 63 ቀን መቆየት እንደሚችል ታይቷል። ሁለት ሰው መርፌውን ሳይጋራ ውሃውን ብቻ ቢጋራ እንኳ ሊተላለፍ ይችላል። ደግነቱ ዛሬ በኪኒን ይድናል፤ ከስምንት እስከ አስራ ሁለት ሳምንት ይወሰዳል፣ ከመቶ 95ቱ ገደማ ይድናሉ። ግን ለመዳን መጀመሪያ መመርመር አለ፣ ለመመርመር ደግሞ «ና ልመርምርህ» ሲሉህ የማትሸሸው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ የጠረጴዛው ሰው ነው።

ድራግ ለሚያጨስ ሰው ፎይልም ይሰጣሉ። በዚህ ከተማ ፌንታኒል (ከሄሮይን እጅግ የሚበረታ ድራግ ነው) የሚወስደው ሰው አሁን ብዙው የሚያጨስ እንጂ የሚወጋ አይደለም። ባያጨስ ይሻላል? አዎ። ከሚወጋ ቢያጨስ ይሻላል? እሱም አዎ። ቢያንስ የደም ሥሩ አይቆስልም፣ የሌላ ሰው ደም አይገባበትም። ጠረጴዛው የሚሰራው በዚህ ሂሳብ ነው። የሚሻለውን ነገር ይሰጥሃል፣ ነገ ከዚያ የተሻለውን ይሰጥሃል፤ ማቆም የፈለግህ ቀን ደግሞ የሱስ ህክምና መድኃኒቶቹን ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን የሚያስጀምር ክሊኒክ ስልክ እዚያው አለ፣ አንዳንዴ ቆመው አብረውህ ይደውላሉ።

አንድ ነገር በጣም ወድጄላቸዋለሁ፤ አንድ ለአንድ አይሉም። አንዳንድ ቦታ አስር ካመጣህ አስር ብቻ ነው የሚሰጥህ። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል። ግን መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ፖሊስ ወይም የጽዳት ሰራተኛ ድንኳኑን ጠርጎ ሲወስድበት መርፌውም አብሮ ይሄዳል፣ ስለዚህ ባዶ እጁን ይመጣል። ባዶ እጁን መጣ ብለህ ባዶ እጁን ብትመልሰው ማታ የጓደኛውን ይዋሳል። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከልም የሚመክረው በፍላጎት ልክ እንዲሰጥ ነው። ለራሱ ብቻ ሳይሆን መምጣት ለማይችሉ ጓደኞቹ የሚወስድም አለ፤ ያንን ሰው ዝም ብሎ የሚጭነው በጎ ፈቃደኛ ሳይ ደስ ይለኛል። በአንድ ሰው አምስት ሰው ጋ ይደርሳል።

ለምን ሲያትል ካላችሁ፣ ነገሩ እዚሁ አካባቢ ስር ስላለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ከዚህ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ታኮማ ውስጥ ዴቭ ፐርቸስ የሚባል ሰውዬ መሃል ከተማ ታጣፊ ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ ይዞ ወጣ፣ ንጹህ መርፌ ማደል ጀመረ። የመንግሥት በጀት የለው፣ ቢሮ የለው። ኤድስ ሰው እየጨረሰ ነበር፣ እሱም መጠበቅ አልፈለገም። አሜሪካ ውስጥ በግልጽ የተጀመረው የመጀመሪያው የመርፌ መለዋወጫ ተብሎ የሚጠቀሰው የሱ ነው። ቆይቶ የካውንቲው ጤና ቢሮ ደገፈው፣ እሱም በመላው አገሪቱ ያሉትን የሚያገናኝ ድርጅት አቋቋመ። በ2013 አረፈ። ሲያትል ውስጥም በ1989 የኤድስ አክቲቪስቶች ጀመሩት፣ ብዙ ሳይቆይ ጤና ቢሮው ተረከበው። አምስተርዳም ከሁሉም ትቀድማለች፤ በ1984 ራሳቸው ድራግ ተጠቃሚዎቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ ሄፓታይተስ ቢ ስላስፈራቸው ነው የጀመሩት። በየቦታው ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ሰፈሩ፣ በኋላ መንግሥት።

መንግሥት ሲመጣም እጁን አስሮ ነው የሚመጣው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1988 የፌዴራል ገንዘብ ለዚህ ሥራ እንዳይውል ከለከለ። በ2009 ተነሳ፣ በ2011 መጨረሻ ተመልሶ መጣ፣ በ2015 መጨረሻ በከፊል ላላ። በዚያ ሕግ የፌዴራል ገንዘብ ለሰራተኛ፣ ለቫን፣ ለምርመራ ሊውል ይችላል፤ ለመርፌው ለራሱ ግን አይውልም። ምግብ ቤት ክፈት፣ ኪራዩን እችላለሁ፣ እንጀራ ግን እንዳትገዛ እንደማለት ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ይሄን ስሙ። ከ1998 እስከ 2007 ኮንግረስ ከተማዋ በራሷ ግብር እንኳ መርፌ እንዳትለዋወጥ ከልክሏት ነበር። እናንተ የከፈላችሁት ግብር ማለት ነው። እገዳው ተነስቶ ፕሮግራሙ በከተማዋ ገንዘብ ሲሰራ ተመራማሪዎች አስልተው ነበር፤ በሁለት ዓመት 120 ሰው በኤችአይቪ ከመያዝ ድኗል፣ 44 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የህክምና ወጪም ቀርቷል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠፋውን አስቡት።

«ሱስን ማበረታታት አይሆንም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ሁሌ ይመጣል፤ ቡና ላይ፣ ኡበር ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፣ መልስ ግን አለው። እዚሁ ሲያትል ውስጥ በ2000 የታተመ ጥናት አለ። አዲስ ወደ መርፌ መለዋወጫ የመጡ ሰዎች ጭራሽ ካልመጡት ጋር ሲነጻጸሩ ሱስ ህክምና የመግባት ዕድላቸው አምስት እጥፍ ነበር። ምክንያቱ አይደንቅም። በሳምንት በሳምንቱ ሳይሰድብህ የሚያናግርህ አንድ ሰው አለ። የሰለቸህ ቀን ለሱ ነው የምትነግረው። ደግሞ ንጹህ መርፌ ስላገኘ ሱስ የጀመረ ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም፤ ተራ ይዞ በዝናብ ቆሞ ሱስ የሚጀምር ሰው ካለ አስተዋውቁኝ።

ሌላው «መርፌ ፓርኩን ሞላው» የሚለው ነው። ይሄኛው ቅሬታ እኔንም ይነካኛል፣ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ይገባዋል። ግን መረጃው ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው። ማያሚ መለዋወጫ ባልነበራት ጊዜ ተመራማሪዎች ጎዳናዋንና ሳን ፍራንሲስኮን እየዞሩ ቆጥረው ነበር። መለዋወጫ የሌላት ማያሚ ውስጥ የተጣለ ሲሪንጅ የማግኘት ዕድል በስምንት እጥፍ በለጠ። መጣያ የሌለው ሰው መሬት ላይ ይጥላል፣ ሌላ ምስጢር የለውም። የኛዎቹ በጎ ፈቃደኞች ጠዋት ጠዋት በረጅም መቆንጠጫ እየዞሩ ይለቅማሉ። ያዩትን መርፌ በእጅ አታንሱ፤ መቆንጠጫ ከሌለ ወፍራም ጓንት፣ የሚከተውም ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ነው፣ የልብስ ማጠቢያ ሳሙና ጠርሙስ ይሆናል። ከወጋችሁ በሳሙናና በውሃ ታጥባችሁ ወደ ሆስፒታል፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

ሲዘጋስ? ኢንዲያና ውስጥ ኦስቲን የምትባል አራት ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች። በ2015 ሰዎች የህመም ማስታገሻ ኪኒን አሟሙተው በጋራ መርፌ ሲወጉ ኤችአይቪ ገባ፣ ካውንቲው ውስጥ ከ200 ሰው በላይ ተያዘ። በፊት በዓመት አንድ ሁለት ሰው እንኳ የማይታይበት ገጠር ነው። የዚያን ጊዜው ገዥ ማይክ ፔንስ መርፌ መለዋወጥን የሚቃወሙ ሰው ነበሩ፤ ሆኖም የአስቸኳይ ጊዜ አውጀው ፈቀዱ። ስርጭቱ ወረደ። ከዚያ በ2021 የካውንቲው ሹማምንት በድምጽ ብልጫ ይዘጋ አሉ። ሲሳካላቸው «አሁንማ አያስፈልግም» ይባላል። ክትባት እንደዚያ ነው፣ ግድብም እንደዚያው።

እኛ አገር ቤት ያደግን ሰዎች ደግሞ የጋራ መርፌን ጣጣ ማንም እንዲያስተምረን አያስፈልገንም። መርፌ ወጊ አንዷን የብረት መርፌ ቀቅሎ ሰፈሩን የሚያዳርስበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ሰዉም «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» ይል ነበር። ኤድስ ሲመጣ ፀረ ኤድስ ክበብ ውስጥ ስለት ያለው ነገር በጋራ አትጠቀሙ ተብለን፣ ጸጉር ቤት የራሳችንን ምላጭ ይዘን ሄደናል። ያኔ ማንም «ምላጭ ማደል ጸጉር መላጨትን ያበረታታል» አላለም። ጎረቤታችን ኬንያ የመርፌ ፕሮግራም ከጀመረች ከአስር ዓመት በላይ ሆኗታል፣ እዚያም መጀመሪያ የሃይማኖት አባቶች ተቆጥተው ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፣ ይሄን ጽሑፍ የጀመርኩትም ለዚህ ነው። ሲያትል ባለችበት ኪንግ ካውንቲ ውስጥ በ2023 ብቻ ከ1,300 ሰው በላይ በድራግ ብዛት ሞቷል። በዚህ ቁጥር ውስጥ የኛ ልጆች የሉም ብሎ የሚያስብ ካለ ለቅሶ ቤት አልሄደም ማለት ነው። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አምስት ዓመት ልጅ ይሞታል። «በድንገት ነው» ይባላል። «ልቡ ነው» ይባላል። ማንም አይጠይቅም፣ እናትየዋም አትናገርም፣ ንፍሮው ይዞራል። ሐዘንተኛን ጠይቁ እያልኩ አይደለም፤ በጭራሽ። ግን ያው ለቅሶ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ወላጅ ቤቱ ያለችውን ሰማያዊ ክኒን ሳያውቅ ይመለሳል። ኤም የሚል ፊደልና 30 የሚል ቁጥር ያለባት፣ ልጆቹ ፐርክ የሚሏት። ከፋርማሲ የወጣች ትመስላለች። በመንገድ የምትሸጠው ግን በአብዛኛው ፌንታኒል ያለባት ሐሰተኛ ናት። የጠረጴዛው ሰዎች የፌንታኒል መመርመሪያ ወረቀት ይሰጣሉ፤ ሄሮይን ለለመደ ሰው ብዙም አይጠቅም ይሆናል፣ ፓርቲ ላይ ኮኬይን ወይም ክኒን ለሚሞክር ልጅ ግን ሕይወት ነው።

ከሁሉም በላይ ናርካን ውሰዱ። እንደ ፌንታኒል ያለ ድራግ በዝቶበት ትንፋሹ የቆመን ሰው የሚመልስ፣ በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ነው፣ ስሙ ናሎክሶን። ሱቅ ውስጥ ያለ ሐኪም ወረቀት ከ2023 ጀምሮ ይሸጣል፣ ሲጀምር ሁለት ፍሬ 45 ዶላር አካባቢ ነበር። ጠረጴዛው ላይ በነጻ ነው፣ ተጠቃሚ መሆን አይጠበቅባችሁም፤ «ለቤቴ ነው» ማለት ይበቃል፣ እሱንም ባትሉ ማንም አይጠይቃችሁም። አጠቃቀሙን ሁለት ደቂቃ ቆመው ያሳዩአችኋል። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ከባድ ማንኮራፋት ካለ፣ ስትነቀንቁት ካልነቃ፣ አንዱን ፍሬ በአንዱ አፍንጫ ትረጩታላችሁ፣ 911 ትደውላላችሁ፣ ካልተነፈሰ በአፉ ትነፉለታላችሁ። ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ለውጥ ከሌለ ሁለተኛው። ሲነቃ ብቻውን ጥላችሁ አትሂዱ፤ የመድኃኒቱ ኃይል ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው፣ ፌንታኒሉ ከዚያ በኋላ ተመልሶ ሊይዘው ይችላል። ሰውየው የሰከረ ብቻ ሆኖ ቢገኝ ናርካኑ አይጎዳውም። 911 ላይ እንግሊዝኛው ከከበደ «አማርኛ» በሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኛሉ። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ከ2010 ጀምሮ ለእንዲህ ያለ ሰው እርዳታ የጠራ ሰው ድራግ ይዘሃል ተብሎ እንዳይከሰስ የሚጠብቅ ሕግ አለ። የስደት ጉዳያችሁ ያልጨረሰ ከሆነ ሕጉ ለናንተ እስከምን እንደሚሄድ ጠበቃ ጠይቁ፣ ግን መጀመሪያ ደውሉ።

ስለ ሰዎቹ አመል ልንገራችሁ። አንድ ማታ እኔም ጠረጴዛው ጋ ቆሜ ሳለሁ አንድ አባወራ አበሻ መጡ፣ ከሩቅ ቆመው ሌላ አበሻ መኖሩን ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ። እኔን ሲያዩኝ ሊመለሱ ነበር።

«ጋሼ፣ ይምጡ፣ ምን ልስጥዎ?»

«ልጄ፣ እኔ እንኳ የስኳር ነኝ።»

«ማንም አይጠይቅዎትም። የትኛው ቁጥር ነው የሚስማማዎት?»

ለካ ፋርማሲ ሄደው ለኢንሱሊናቸው ሲሪንጅ ሲጠይቁ ሻጯ ከላይ እስከ ታች አይታ «የለንም» ብላቸዋለች። አጠገቤ ያለችው ፈረንጅ ልጅ፣ ፀጉሯ አረንጓዴ፣ አንድ ሙሉ ካርቶን አውጥታ ሰጠቻቸው፣ ያገለገለው መርፌ የሚከተትባት ባልዲም ጨመረች። «ይቺ ልጅ ትባረክ» አሉ። አሁን በየጊዜው ይመጣሉ፣ ሌላ አበሻ መኖሩንም አያዩም።

ይሄ ሁሉ ምስጋና ሆኖ፣ አንዷ ኮከብ የት ሄደች? አንደኛ ሰዓቱ። በሳምንት ሁለት ማታ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት ያህል። የሌሊት ፈረቃ የሚሰራ ሰው፣ ሆስፒታል የሚያጸዳ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ጭራሽ አይደርስበትም። ሁለተኛ ቋንቋው። ወረቀቶቹ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ናቸው። ሲያትል ውስጥ ሆኖ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ የሌለው የናርካን ወረቀት ማደል ያስተዛዝባል። (ተናግሬ ነበር፤ «ተርጉምልን» አሉኝ። በጎ ፈቃድ ማለት ይሄ ነው፣ ቅሬታ ያቀረበ ሥራውን ይወስዳል።) ሦስተኛ፣ ቴክስት ብትልኩ መልሱ ሊዘገይ ይችላል፣ አንዳንዴም አይመጣም። የሚመልሰው ሰው ቀን የራሱን ሥራ የሚሰራ ሰው ነው። በወር መጨረሻ ደግሞ ዕቃ ያልቃል። ቀጭኑ መርፌ ቀድሞ ነው የሚያልቀው፣ ከዚያ ወፍራሙን «ለዛሬ ይቅርታ» እያሉ ይሰጣሉ። ተራ ይዞ ቆይቶ ወፍራም የደረሰው ሰው ፊት ደስ አይልም።

የመጨረሻው ችግር በገንዘብ ይፈታል፣ ለዚህ ነው መደገፍ ያዋጣል የምለው። በጅምላ ሲገዛ አንዷ ሲሪንጅ በሳንቲም የምትቆጠር ናት። አንድ ሰው ኤችአይቪ ቢይዘው ዕድሜ ልኩን የሚወጣበት ህክምና በመቶ ሺዎች ዶላር ነው። የዚህ ዓይነት ቡድን መርፌውን በፌዴራል ገንዘብ መግዛት ስለማይችል፣ ሃያ ዶላር ከኪስ የሚሰጥ ሰው የሚሰራውን ትልልቁ ግራንት አይሰራውም። በአንዴ ሁለት መቶ ከመስጠት በየወሩ ሃያ ይሻላል፤ ምን ያህል እንደሚገባ ካወቁ አስቀድመው ያዛሉ። ዕቁብ የምንጥል ሰዎች ስለሆንን ይሄን ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንድ ዕድር «በየወሩ ከአባል አንድ ዶላር» ቢል የቀጭኑ መርፌ ጣጣ ያልቃል። ሐሳቡን አንድ ስብሰባ ላይ አንስቼ ጸጥታ ብቻ ነው ያገኘሁት፤ ሲወጡ ግን ሁለት እናቶች ለብቻ ጠርተውኝ ናርካን የት እንደሚገኝ ጠየቁኝ።

ገንዘብ የሌለው ዕቃ ያምጣ፣ ግን የሚሆነውን። አዲስ ካልሲ፣ በጣም። የእጅ ማሞቂያ፣ ጓንት፣ የታሸገ ውሃ፣ ዚፕ ያለው ፕላስቲክ ከረጢት። አሮጌ ልብስ አታምጡ፤ ማንም ያልመረጠው ሱሪ ቫኑ ውስጥ ተቆልሎ መርፌው የሚቀመጥበት ቦታ ጠፍቷል። ቤት የተረፈ ኪኒንም አታምጡ፣ አይቀበሉም። ምግብ ከሆነ የምስር ሳምቡሳ። ለረቡዕም ይሆናል፣ በጎ ፈቃደኞቹም ግማሹ ሥጋ አይበሉም፤ አንድ ትሪ ዘርግቼ ተርፎኝ አያውቅም።

ጊዜ መስጠት የፈለገ መጀመሪያ አጭር ስልጠና ይወስዳል፤ ስለ መርፌ ጥንቃቄ፣ ስለ ናርካን፣ ሰውን ሳይፈርዱ ስለማናገር። ፊት ለፊት መቆም የማይፈልግ ከኋላ ከረጢት ማሸግ ይችላል፣ ለዓይን አፋር ሰው ግሩም ሥራ ነው። በጋ ላይ ተማሪው ስለሚበዛ ፈረቃ ይጣበባል። ከኅዳር እስከ የካቲት ግን ሰው የለም፣ ያኔ ብትመጡ በደስታ ነው የሚቀበሏችሁ። ውሃ የማያስገባ ጫማ አድርጉ፣ ቫኑ የሚቆምበት ቦታ ላይ መኪናችሁን አታቁሙ፣ ሰው ሲወስድ ፎቶ አታንሱ፣ የምታውቁት ሰው ተራ ውስጥ ካያችሁ እሱ ሰላም ካላላችሁ እናንተም አትበሉት።